የገበያ ነጋዴን በሥራው ላይ ፎቶ ማንሳት፦ ዝርዝር መመሪያ ከመርካቶ ተራዎች

መርካቶ ውስጥ ካሜራ ያወጣ ሰው ብዙም ሳይቆይ «ከገቢዎች ነህ እንዴ?» ይባላል። ጠያቂው እየሳቀ ነው። ግን ግማሹ ቀልድ ከሆነ ግማሹ የምር ነው። ሌላው «ቲክቶክ ላይ ልትለቀን ነው?» ይላል። አንዷ ደግሞ «በእኛ ስም ሊለምንብን ነው» ብላ ነጠላዋን ወደ ፊቷ ትስባለች። ሁሉም ምክንያት አላቸው። ገበያ ገብቶ የሚወጣ ፎቶ አንሺ ብዙውን ጊዜ ይዞ የሚወጣው ጭቃውን፣ የተቀደደውን ሸራና የደከመውን ፊት ነው።

ነጋዴው ግን ራሱን በችግር አያውቅም። በሙያው ነው የሚያውቀው። የማረቆን በርበሬ ከአላባው ይለያል። ደንበኛው ሊገዛ ይምጣ ዋጋ ሊያጣራ፣ ገና ሰላም ሲለው ይገባዋል። ስለዚህ ምክሬ አንድ ነው፦ ሙያውን አንሱ፤ ፊቱ ከሙያው ጋር አብሮ ይመጣል። ከዚህ በታች ያለው ሁሉ ይህን በተግባር እንዴት እንደሚያደርጉት ነው። ምሳሌዎቹ በአብዛኛው የመርካቶ ናቸው። ሾላ ለምትሄዱም፣ ለባቲ የሰኞ ገበያም፣ ለላሊበላ የቅዳሜ ገበያም ያው ይሠራል። ካሜራ ከሌላችሁ ስልካችሁ ይበቃል።

1. አንድ ተራ ምረጡ

«መርካቶን ፎቶ አነሳለሁ» ብሎ የተነሳ ሰው ማታ የሚያገኘው የሰው ጀርባና የአይሱዙ ጎማ ነው። ቦታው ሰፊ ነው፣ ግርግሩም ያደክማል። አንድ ተራ ያዙ። ምናለሽ ተራ አሮጌ በርሜልና ቆርቆሮ ተቀጥቅጦ ምድጃና መጥበሻ ሆኖ የሚወጣበት ነው፤ እንቅስቃሴና ድምፅ አለው። በርበሬ ተራ ቀለም አለው፣ ማስነጠስም አለው። ሸማ ተራ ነጭ በነጭ ነው፤ ለብርሃን ፈተና ነው። ለመጀመሪያ ጊዜ የምትሞክሩ ከሆነ የሰፈራችሁ ጉሊት ከሁሉም ይሻላል። እዚያ ቢያንስ የማን ልጅ እንደሆናችሁ የሚያውቅ ሰው አይጠፋም።

ጊዜውንም አስቡ። ገበያ የቀን መቁጠሪያ አለው። በዓቢይ ጾም 55 ቀን ቅቤ ነጋዴዋ ዘንድ ገዢ ስለሚቀንስ ለጨዋታ ፋታ ታገኛለች። የፋሲካ ሰሞን ግን ቀና ብላ አታያችሁም። ያ ደግሞ ሌላ ዓይነት ፎቶ ነው፤ ግን በጾሙ ወቅት የተዋወቀችው ሰው ብቻ ነው በዚያ ግርግር ውስጥ አጠገቧ ቆሞ የሚያነሳው። ሽሮ ሜዳ ለእንቁጣጣሽና ለጥምቀት ሰሞን ይሞቃል። ዶሮ ተራ በበዓል ዋዜማ ሌላ ዓለም ነው። ስለዚህ ትውውቁ ቀዝቀዝ ባለው ወቅት ይሁን፣ ዋናው ሥራ በሞቀው።

2. መጀመሪያ ያለ ካሜራ ሂዱ፣ ግዙም

ይህን ደረጃ ዘልሎ የሚያልፍ ብዙ ነው። ዋጋው ግን ውድ ነው። በመጀመሪያው ጉብኝት ካሜራው ቦርሳ ውስጥ እንኳ አይሁን። ሽንኩርት ግዙ። ለቤት የሚያስፈልጋችሁን ግዙ እንጂ ለማስመሰል አትግዙ፤ ነጋዴ ይነቃል።

ስትገዙ ዓይናችሁ ሥራ ላይ ይሁን። ጉሊት ላይ ያለች ሴት ቲማቲም መደብ ስትደረድር እዩ። ትልልቁ ከላይ ነው፣ የተጫነው ከሥር፣ ልስልሱ ፊት ለገዢው ይዞራል። አንዱ መደብ ሲሸጥ ክፍተቱ አይቆይም፤ እጇ ሳታየው ከጆንያው አውጥቶ ይሞላዋል። በእርጥብ ጨርቅ ታብሳለች። ውሃ ትረጫለች። ይህ ሁሉ የሚሆነው ከጎኗ ካለችው ጋር ወሬ ሳታቋርጥ ነው። ፎቶው ያለው እዚህ ነው። እጇ መደቡን ሲሠራና ፊቷ ወደ ጓደኛዋ ሲዞር ሁለቱ የሚገጥሙበት ቅጽበት አለ፤ በየጥቂት ደቂቃው ይደጋገማል። ይህን ያልተመለከተ ሰው ካሜራ ይዞ ሲመጣ «ወደዚህ ይመልከቱ» ከማለት ሌላ አማራጭ የለውም።

በርበሬ ነጋዴም እንዲሁ። ዛላውን አንስታ ታንኳኳዋለች። ደረቅ ከሆነ ፍሬው ከውስጥ ይንኮሻኮሻል። ቅቤ ነጋዴዋ በጣቷ ጫፍ ቆንጥራ ታሸታለች፣ ለጋውን ከበሳሉ ትለያለች፣ በኮባ ጠቅልላ ትሰጣለች። እያንዳንዱ ንግድ የራሱ ሁለት ሦስት እንቅስቃሴ አለው። እነሱን ለዩ። ቤት ስትገቡ ጻፏቸው።

ሌላው መታየት ያለበት ሰዓቱ ነው። የዕለቱ የመጀመሪያ ሽያጭ ሳይፈጸም ማንም ነጋዴ ፎቶ ምናምን መስማት አይፈልግም። ቁርስ ሰዓት፣ ዕቃ ሲራገፍ፣ የጅምላ ገዢ ሲመጣ አትጠጉ። ዓርብ ቀትር ላይ ብዙዎቹ ሱቆች ለጁምዓ ሰላት ይዘጋሉ። አንዋር መስጊድና ራጉኤል ቤተ ክርስቲያን በተጎራበቱበት ገበያ የሁለቱንም ሃይማኖት ቀን ማወቅ ግዴታ ነው። ፋታ የሚገኘው ብዙውን ጊዜ ከምሳ በኋላ፣ ከ8 እስከ 9 ሰዓት ገደማ ነው። መጥፎነቱ ብርሃኑ ያን ጊዜ ገና ከባድ ነው። መፍትሔውን በኋላ እናየዋለን።

3. አስፈቅዱ፣ በሥርዓቱ

ሰላምታ ይቅደም። በዕድሜ ገፋ ያሉትን «እማማ»፣ «አባባ»፣ በመካከል ያሉትን «እትዬ»፣ «ጋሼ» በሉ። ጎረቤቶቹ «ሀጂ» የሚሏቸውን እናንተም «ሀጂ» በሏቸው። «አንቱ» ከማለት ያጣ ሰው የለም። ንግግሩ እንዲህ ቢሆን ጥሩ ነው፦

«እማማ እንደምን ዋሉ? ገበያ እንዴት ነው?»

«ይመስገን። ምን ልስጥህ?»

«ግማሽ ኪሎ ይስጡኝ። እማማ፣ እኔ ገበያ ላይ የሚሠሩ ሰዎችን ፎቶ እያነሳሁ ነው። ሥራዎን እየሠሩ ባነሳዎት ደስ ይለኛል። አጥቤ አመጣልዎታለሁ።»

እዚህ ውስጥ አራት ነገር ተነግሯል፦ ማን እንደሆናችሁ፣ ምን እንደምታነሱ፣ ሥራ እንደማታስፈቱ፣ ፎቶው እንደሚመለስ። ለምን እንደሆነም ከተጠየቃችሁ እውነቱን ተናገሩ። ኤግዚቢሽን ከሆነ ኤግዚቢሽን፣ ኢንስታግራም ከሆነ ኢንስታግራም። «ለትምህርት ነው» የሚለው ማምለጫ መርካቶ ውስጥ ካረጀ ቆይቷል።

መልሱን ማንበብ ደግሞ ራሱን የቻለ ሙያ ነው። «እንዲህ ሆኜ? ልብሴን ሳልቀይር?» እምቢታ አይደለም። ነገ ተመለሱ ማለት ነው፤ ወይም ነጠላዬን ላስተካክል ማለት ነው። ጠብቁ። «ኧረ ተወኝ!» በሳቅ ከሆነ ትንሽ መጫወት ይቻላል። ያለ ሳቅ ከሆነ አመስግናችሁ ሂዱ። አጠገቡ ያለው ጎረቤት «አንሳው፣ አንሳው፣ ዝም ብሎ ነው» ቢላችሁ አትስሙ። ፈቃድ የሚሰጠው የፊቱ ባለቤት ነው። ሰው ከሩቅ በረጅም ሌንስ ሰርቆ ማንሳትን አልወድም። ሰው ያላወቀው ፎቶ ብዙ ጊዜ ከጀርባ የተወራ ሐሜት ይመስላል።

ብር ልስጥ ወይስ አልስጥ? ይህ ሁልጊዜ ይጠየቃል። እኔ ለፎቶ ብር አለመስጠትን እመርጣለሁ፤ ዕቃ መግዛትንና የታጠበ ፎቶ ማምጣትን ደግሞ አልዘነጋም። አንዱ ከተከፈለው ጎረቤቱ ሁሉ ዋጋ ይቆርጣል፣ ሰውም ለካሜራው መሥራት ይጀምራል። ግን ፎቶው ለማስታወቂያ የሚሸጥ ከሆነ ነገሩ ተለወጠ። እናንተ ልትበሉበት ነውና ባለፊቱም ድርሻ ይገባዋል። ተዋዋሉ። ከውጭ ለእረፍት የመጣችሁ ደግሞ ከአዘኔታ የተነሳ ብር አትበትኑ። ከእናንተ በኋላ የሚመጣው ልጅ ይቸገራል።

ሕጉንም ማወቅ ጥሩ ነው። በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕጋችን አንቀጽ 27 የሰው ፎቶግራፍ ያለ ፈቃዱ በአደባባይ እንዳይታይ፣ እንዳይባዛና እንዳይሸጥ ይከለክላል። አንቀጽ 28 ልዩ ሁኔታዎች አሉት፤ ሰውየው ታዋቂ ወይም ባለሥልጣን ሲሆን፣ ጉዳዩ የሳይንስ፣ የባህል ወይም የትምህርት ጥቅም ሲኖረው፣ ወይም በአደባባይ ከተደረገ ወይም የሕዝብ ጉዳይ ከሆነ ክንውን ጋር የተያያዘ ሲሆን። የአንድን ነጋዴ ፊት አጉልቶ ማውጣት ግን በዚህ በር በቀላሉ የሚያልፍ አይመስለኝም። ስለዚህ ፈቃዱን በጽሑፍ ወይም ቢያንስ በድምፅ ያዙ። በ2016 ዓ.ም. የግል ዳታ ጥበቃ አዋጅም ወጥቷልና ስልክ ቁጥርና ስም ስትሰበስቡ ወረቀቱን የትም አትጣሉ።

ሁለት ሰዎች ላይ የበለጠ ጥንቃቄ ያስፈልጋል። አንደኛው ያለ ፈቃድ መንገድ ዳር ላስቲክ ዘርግቶ የሚሸጠው ነው። ደንብ ማስከበር ሲመጣ ሸክፎ የሚሮጠው እሱ ነው። ፊቱንና የሚሸጥበትን ቦታ አንድ ላይ ማውጣት ሊጎዳው ይችላል። ራሱን ጠይቁት። ካመነታ እጁን ወይም ዕቃውን አንሱ። ሁለተኛው ማስቲካና ሶፍት የሚያዞረው ሕፃን ነው። የሕፃን ፊት ያለ ወላጅ ወይም አሳዳጊ ፈቃድ አታውጡ። በቃ።

4. ዕቃ አታብዙ

አንድ ካሜራ፣ አንድ ሌንስ። 35 ወይም 50 ሚሊ ሜትር ይበቃል። 35ቱ ሰውየውን ከነሱቁ ያስገባል፣ 50ው ወደ ፊቱ ያደላል። በስልክ ከሆነ ዋናውን ሌንስ ተጠቀሙ። 0.5 የሚለው ሰፊ ሌንስ አፍንጫ ያስረዝማል፣ ግንባር ያሰፋል፤ ለቁም ምስል አይሆንም። ባትሪ በትርፍ ያዙ። የአንገት ማንጠልጠያውን በክንዳችሁ ጠምጥሙት። ቦርሳው ከፊት ይሁን፤ ኪስ አውላቂው የፎቶ ፍቅር የለውም። «ጀርባ! ጀርባ!» የሚል ድምፅ ከሰማችሁ ምንም ዓይነት ፎቶ ላይ ብትሆኑ ዘወር በሉ። ተሸካሚው ማቆሚያ የለውም።

በርበሬ ተራ ውስጥ ሌንስ አትቀይሩ። ብናኙ ካሜራው ውስጥ ገብቶ ለሳምንታት በየሰማዩ ላይ ነጠብጣብ ይሆንባችኋል። በበርበሬ እጅ ዓይን መንካትም የራሱ መዘዝ አለው።

5. ብርሃኑን ፈልጉ

አዲስ አበባ ከምድር ወገብ በስተ ሰሜን 9 ዲግሪ ገደማ ላይ ናት። ቀትር ላይ ፀሐይ ከአናት በላይ ናት። በሚያዝያ መጀመሪያና በነሐሴ ማብቂያ አካባቢ ቀጥ ብላ ትወርዳለች ማለት ይቻላል። ያን ጊዜ ዓይን ጉድጓድ ይሆናል፣ ግንባር ያበራል፣ ከአፍንጫ ሥር ጥላ ይቀመጣል። ለደጅ ፎቶ ጥሩው ሰዓት ጠዋት ከ1 እስከ 3፣ ማታ ከ10 እስከ 12 ነው። ክረምት ላይ ደግሞ ደመናው ቀኑን ሙሉ ለስላሳ ብርሃን ይሰጣል። ጭቃውን ከቻላችሁ ክረምት ለፊት ፎቶ ወርቅ ነው።

ፋታ የሚገኘው ግን 8 ሰዓት ላይ ነው ብለን ነበር። ስለዚህ ከፀሐይ ሽሹ፣ ወደ ሱቁ አፍ ግቡ። የመርካቶ ሱቅ ብዙውን ጊዜ ጠባብና ጥልቅ ነው፤ ብርሃን የሚገባው በአንድ በኩል ብቻ ነው። ነጋዴው ከደፉ አንድ ሁለት እርምጃ ወደ ውስጥ ገባ ብሎ ፊቱን ወደ መንገዱ ሲያዞር፣ ከመንገዱ የሚንፀባረቀው ብርሃን ፊቱን በእኩል ይሞላዋል፤ ከኋላው ያለው ዕቃ ደግሞ ቀስ እያለ ይጨልማል። ይህን ብርሃን ማንም ስቱዲዮ በነፃ አይሰጣችሁም። እናንተ ከበሩ ጎን ቁሙ። በሩ መሀል ከቆማችሁ ብርሃኑን ራሳችሁ ትዘጋላችሁ፣ ደንበኛም ታስመልሳላችሁ።

ትልቁ ራስ ምታት ግን ሸራ ነው። ሰማያዊ ሸራ ሥር የተቀመጠች ሴት ፊቷ ሰማያዊ ይሆናል። ቀይ ጃንጥላ ሥር ያለችው ቀይ ትሆናለች። ዓይናችን በቦታው ስለሚለምደው አናየውም፤ ቤት ገብተን ስንከፍተው እንደነግጣለን። ካሜራው ራሱ ያስተካክለዋል ብላችሁ አትመኑ። ነጭ ወረቀት ያዙ፣ እዚያው ሸራው ሥር ፊቷ አጠገብ አድርጋችሁ አንድ ፎቶ አንሱ፣ በኋላ ቀለሙን በእሱ ላይ ታስተካክላላችሁ። ካሜራችሁ ሮው (ካሜራው ያላቀነባበረው ጥሬ የምስል ፋይል) የሚያነሳ ከሆነ በሮው አንሱ። ከተቻለ ደግሞ ወደ ሸራው ጠርዝ ጠጋ እንዲሉ ጠይቁ። ግማሽ ሜትር ብዙ ይለውጣል። ግን መደባቸውን እንዲያነሱ አትጠይቁ!

የበርበሬ ክምርም እንዲሁ ቀይ ብርሃን ከታች ወደ አገጭ ይረጫል። ይሄኛውን ግን አላስተካክለውም። የቦታው እውነት ነው፣ ያምራልም።

አሁን ወደ ፊት ቆዳ። ካሜራ ያየውን ሁሉ ወደ መካከለኛ ግራጫ ማምጣት ይወዳል። ነጭ ነጠላ የለበሰች ጠይም ሴት ስታነሱ ነጩ ያታልለውና ሁሉን ያጨልማል፤ ፊቷ ይጠፋል። ጥቁር ሱቅ ውስጥ የቆመ ሰው ስታነሱ ደግሞ ተቃራኒው ይሆናል፣ ፊቱ ነጭ ይወጣል። ስለዚህ የምትለኩት ፊቱን ነው። በስልክ ፊቱ ላይ ነክታችሁ ያዙት፣ ሲቆለፍ በጣታችሁ ብርሃኑን ወደ ላይ ወይም ወደ ታች ሳቡት። በካሜራ የነጥብ መለኪያውን፣ ማለትም ብርሃንን ከአንድ ትንሽ ቦታ ብቻ የሚለካውን፣ ጉንጩ ላይ አሳርፉ። ሸማ ተራ ውስጥ የጥበቡ ክር እንዳይጠፋ ፊቱን በትንሹ ጨለም አድርጎ ማንሳት ያዋጣል፤ ከጥላ ውስጥ ፊትን ማውጣት ይቻላል፣ የተቃጠለ ነጭን ግን ማንም አይመልሰውም።

ፍላሽ? እኔ አልጠቀምም። ገበያው ሁሉ ይዞራል።

6. ዝቅ በሉ

ጉሊት መሬት ላይ ነው። ቆሞ ቁልቁል የሚያነሳ ሰው ሴትየዋን ያሳንሳታል። የችግረኛ ፎቶ የሚወለደው ብዙ ጊዜ ከዚህ ማዕዘን ነው፤ ከፎቶ አንሺው ክፋት አይደለም። በርጩማ ካለ ለምኑና ተቀመጡ፣ ከሌለ የቲማቲም ሳጥን ገልብጡ። ካሜራው በዓይኗ ልክ ወይም ትንሽ ዝቅ ብሎ ይሁን። ስትቀመጡ ሌላም ነገር ይሆናል። መንገደኛ መሆናችሁ ይቀራል፣ ወሬው ይጀመራል፣ አንዳንዴም ቡና ይመጣል።

ከጀርባ ምን እንዳለ ተመልከቱ። ከራስ ላይ የበቀለ የኤሌክትሪክ ምሰሶ፣ የቴሌኮም ማስታወቂያ፣ የሚያፈጥ ልጅ። አንድ እርምጃ ወደ ግራ ብዙውን ይፈታል። ዕቃው ራሱ ከሁሉ የተሻለ ዳራ ነው። ጎማ ነጋዴ በጎማ ተከቦ፣ ሸማ ነጋዴ በታጠፈ ነጠላ ግድግዳ ፊት። ሱቁን አስተካክሉልኝ አትበሉ። ነጋዴው ዕቃውን የደረደረው በምክንያት ነው፤ ምክንያቱን ብትጠይቁት ለፎቶ መግለጫ የሚሆን ወሬ ታገኛላችሁ።

7. ማንሳት

የመጀመሪያውን ፎቶ ለእነሱ አንሱ። አብዛኛው ሰው ካሜራ ሲያይ ቀጥ ይላል፣ እጁን ወደ ጎን ያደርጋል፣ ፊቱን ያኮሳትራል። የድሮ የፎቶ ቤት ወግ ነው። አትሳቁበት፣ «ዘና በሉ» እያላችሁም አታስጨንቁ። እንደፈለጉ ይቁሙ፣ አንሱና አሳዩዋቸው። ግድግዳ ላይ የሚሰቀለው እሱ ነው። ደግሞ እንዲህ የቆመ ሰው ፎቶ ብዙ ጊዜ ከጠበቃችሁት በላይ ያምራል። ጀርመናዊው ፎቶ አንሺ አውጉስት ሳንደር በ1928 እ.ኤ.አ. ያነሳው ኬክ ጋጋሪ እንዲሁ ነው፤ ነጭ ልብሱን እንደለበሰ፣ ማሰሮውን እንደያዘ፣ ሌንሱን ፊት ለፊት ያያል። ከመቶ ዓመት ገደማ በኋላም ሰውየው ሥራውን የሚያከብር እንደነበረ ማንም አይስተውም።

ከዚያ «አመሰግናለሁ፣ አሁን ሥራዎን ይሥሩ፣ እኔ እዚሁ ነኝ» በሉ። ካሜራውን አውርዱ። ደንበኛ እስኪመጣ ጠብቁ። ዋናው ፎቶ የሚጀምረው እዚህ ነው።

ለአንድ ሰው ሦስት ዓይነት ፎቶ ይኑራችሁ። አንዱ ሰውየው ከነሱቁ፣ ከሁለት ከሦስት ሜትር። ሁለተኛው ፊቱ፣ ከአንድ ሜትር ገደማ፣ ፎከሱ ዓይን ላይ። ሦስተኛው እጅ፦ ሚዛን ሲያስተካክል፣ ብር ሲቆጥር፣ ክር ሲቋጥር። ብር የሚቆጥር እጅ ስታነሱ ግን የገንዘቡ መጠን እንዳይታይ ተጠንቀቁ፤ ለሌባም ለሌላም ጥቆማ አትስጡ።

የካሜራውን ቁጥር በተመለከተ፣ ጥላ ውስጥ የሌንሱ ቀዳዳ ኤፍ 2.8 እስከ 4 (ቁጥሩ ሲያንስ ቀዳዳው ይሰፋል)፣ ብርሃን የሚገባበት ጊዜ 1/200 ሰከንድ፣ አይኤስኦ (ካሜራው ብርሃንን የሚቀበልበት መጠን) ከ400 እስከ 1600 መነሻ ይሁናችሁ። ሱቁ አብሮ እንዲታይ ከፈለጋችሁ ኤፍ 5.6። አይኤስኦ ከፍ ማለቱ አያስፈራችሁ። የሻከረ ፎቶ ያስኬዳል፣ የተንቀጠቀጠ ግን አያስኬድም።

ምናለሽ ተራ ግን የተለየ አያያዝ ይፈልጋል። ቆርቆሮ ቀጥቃጩ መዶሻውን ሲያነሳ ክንዱ ይሮጣል፣ ራሱ ግን ከተመታው ቦታ አይነቃነቅም። 1/500 ላይ ብታነሱት መዶሻው አየር ላይ ተሰቅሎ ይቀራል፤ የቆመ ሐውልት ይመስላል። 1/30 ላይ ስታነሱት ፊቱ ጥርት ብሎ መዶሻው ጭስ ይሆናል፣ ድምፁ የሚሰማ ይመስላል። እጃችሁ እንዳይንቀጠቀጥ ግድግዳ ተደገፉ፣ ትንፋሻችሁን ያዙ፣ ደጋግማችሁ አንሱ። አብዛኛው ይበላሻል። ምቱን ቁጠሩ፤ ቀጥቃጭ ምት አለው፣ ሁለት ቀላል አንድ ከባድ ይል ይሆናል። ከከባዱ ምት በኋላ ቆርቆሮውን አገላብጦ ሲያይ ፊቱ ላይ የሚመጣው ነገር፣ ያ የባለሙያ ዓይን፣ ከመዶሻው ፎቶ ይበልጣል። እሱን አትለፉት።

ደንበኛ ሲመጣ ገሸሽ በሉ። ደንበኛውም ፊት አለው፣ እሱን አላስፈቀዳችሁም። ሽያጭ ካበላሻችሁ ነገ ሰላምታውም ይቀዘቅዛል።

8. ደብተር ያዙ

ፎቶው ያለ መረጃ ዶክመንታሪ አይሆንም። ስም ከነአባት፣ አጻጻፉን ጠይቁ። ምን ይሸጣሉ፣ ከየት ያመጡታል፣ ከመቼ ጀምሮ፣ ማን አስተማራቸው። ያሉትን አንድ ዓረፍተ ነገር እንዳሉት ጻፉ፤ አታሳምሩት። የፎቶውን ቁጥር ከስሙ ጎን አስቀምጡ። ቀኑንና ተራውን በትክክል ጻፉ።

ቀኑ ላይ የምጫነው ገበያ ስለሚነቀል ነው። አትክልት ተራ በ2012 ዓ.ም. በኮሮና ምክንያት ወደ ጃንሜዳ ተዛወረ፣ ከዚያም ወደ ኃይሌ ጋርመንት ሄደ። በጥቅምት 2017 ሸማ ተራ አካባቢ የተነሳው እሳት በአንድ ሌሊት ብዙ ሱቅ በልቷል። ከዚያ በፊት የተነሳ የአንድ ሸማ ነጋዴ ፎቶ ዛሬ ሌላ ክብደት አለው። «መርካቶ፣ ነጋዴ» ብቻ ተብሎ የተቀመጠ ከሆነ ግን ማንም ምንነቱን አያውቅም።

መግለጫው እንዲህ ይሁን፦ ስም፣ ሥራ፣ ቦታ፣ ወርና ዓመት፣ ከዚያ ፎቶው የማያሳየው አንድ ነገር። «የገበያ ሕይወት ትግል» ዓይነት ቅኔ አያስፈልግም። ዛላ በርበሬ የምታንኳኳ ሴት ከሆነች «ድርቀቱን በድምፁ እየለየች» ማለት ይበቃል።

9. መምረጥና ማስተካከል

በዚያው ቀን አትምረጡ። የወደዳችኋቸውን ሰዎች ፎቶ ሁሉ ትወዱታላችሁ። ጥቂት ቀን አሳድሩት። ከአንድ ሰው አንድ፣ ቢበዛ ሁለት ፎቶ ይውጣ። ስትመርጡ አንድ ነገር ጠይቁ፦ ይህን ፎቶ ልጃቸው ቢያየው ምን ይሰማዋል? መልሱ ከከበዳችሁ ፎቶው ይቅር፣ የቱንም ያህል ቢያምር።

ማስተካከያው ላይ እጃችሁ ቀለል ይበል። የፊት መጨማደድን የሚያጎሉ ማጣሪያዎች ሽማግሌን ሁሉ የዋልካ መሬት ያስመስላሉ። ሰዎችም አይወዱትም። ጥላውን ፍጹም አታጥቁሩት፣ ቆዳውን አታንጡት። ከጀርባ ያለን ሰው ወይም ዕቃ በመተግበሪያ ማጥፋት ከዶክመንታሪ ያስወጣል። መቁረጥና ብርሃን ማስተካከል ይበቃል። ሸራው ቀለሙን ጨርሶ ካበላሸው ጥቁርና ነጭ መውጫ ነው። ግን በርበሬን በጥቁርና ነጭ ማሳየት ለእኔ አይዋጥልኝም።

10. አጥባችሁ መልሱ

ቃል ገብታችኋል። በሁለት ሳምንት ውስጥ ፎቶ ቤት ሄዳችሁ አሳጥቡ። በቴሌግራም መላክ ደግ ነው፣ ግን የታጠበ ፎቶን አይተካም። 13 በ18 ሴንቲ ሜትር ደህና መጠን ነው። ከጀርባው ስምና ቀን ጻፉ። በላስቲክ ይሁን፣ እጃቸው በርበሬ ወይም ቅቤ ሊሆን ይችላል። ሁለት ቅጂ አሳጥቡ፤ አንዱ ለእነሱ፣ አንዱ እንዲፈርሙበት ወይም ቃላቸውን እንዲሰጡበት ለእናንተ። የት እንደምታወጡት የምትነግሩትም ያኔ ፎቶውን እያሳያችሁ ነው። የሚስማሙበትን ነገር በዓይናቸው እያዩት ይስማሙ። ሐሳባቸውን ከቀየሩ ያ ፎቶ አይወጣም።

ባለቤቱን ካጣችሁ ጎረቤት አታስይዙ። ፎቶ ብዙ እጅ ያያል፣ ወሬም ይፈጥራል። ደውላችሁ ሌላ ቀን ተመለሱ።

ፎቶውን ስትሰጡ ካሜራው ዝግጁ ይሁን። ሰውየው ፎቶውን ለጎረቤቱ ሊያሳይ ይጠራል፣ ጎረቤቱ ይስቅበታል፣ እሱ ይመልስለታል። ከመጀመሪያው ቀን ፎቶ የተሻለው ብዙ ጊዜ የሚገኘው እዚህ ነው፤ የሚጠነቀቅ ሰው የለማ። ከዚያ አንዱ «የኔስ?» ይላል። ስሙን ደብተር ላይ ጻፉ፣ ፋታ የሚያገኝበትን ሰዓት ጠይቁ። ባንዴ አምስት ሰው አትቀበሉ፤ በቀን ከሁለት በላይ ሰው በደንብ ማንሳት አይቻልም። እንዲህ እየሄደ ከአንድ ተራ አሥራ አምስት ወይም ሃያ ሰው ሲሞላ ለአንድ ትንሽ ኤግዚቢሽን ይበቃል። ቦታ ስትፈልጉ ከጋለሪ በፊት የተራውን ግድግዳ አስቡ። ለዚያ ወረዳውንና የሱቁን ባለቤት አስቀድማችሁ ጠይቁ፣ ፎቶዎቹንም በጠንካራ ፕላስቲክ አስለብጧቸው።